የጠዋት ሩጫና የመንገድ ላይ እንስሳት፦ ሯጩ ለእንስሳቱ ምን ይመስላቸዋል?

የረጅም ርቀት ሩጫ የሀገራችን መታወቂያ ሆኖ ከኖረ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዓለም አደባባይ የሚታየው ድል የሚጠነሰሰው ግን ብዙ ጊዜ በገጠር የእግር መንገድ፣ በኮረብታና በጫካ ዳር፣ አብዛኛው ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ በሚደረግ ልምምድ ነው። በዚህ ሰዓትና በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሯጭ ደግሞ ብቻውን አይደለም። ጅቡ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ዝንጀሮው ካደረበት ገደል ወይም ዛፍ ለመውረድ ይዘጋጃል፤ ውሻው የጌታውን ደጅ ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ የዲላ ከተማንና የጌዴኦ ዞንን ሁኔታ መነሻ በማድረግ፣ ሯጭና እንስሳ ሲገናኙ ምን እንደሚከሰት፣ ለምን እንደሚከሰትና ምን ማድረግ እንደሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

መልክዓ ምድሩና ነዋሪዎቹ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በ360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ትገኛለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ መሬቱ ወደ ቡሌ ደጋ እያሻቀበ ይሄዳል። ለሯጭ ይህ ማለት በአንድ የጠዋት ልምምድ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ የሚያወጣ ዳገት ማግኘት ማለት ነው።

የጌዴኦን መንገድ ከሌላው የሚለየው ግን ዳገቱ ብቻ አይደለም። የጌዴኦ ሕዝብ ለዘመናት ሲንከባከበው በኖረው ጥምር የደን ግብርና እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትላልቅ ዛፎች ከላይ ጥላ ሲሆኑ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ደግሞ ቡና ይበቅላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ይህን እርሻ፣ በእርሻው መካከል የተጠበቁትን ባህላዊ ደኖችና በተራሮቹ ጀርባ ላይ የቆሙትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች በአንድነት ከግምት አስገብቷል።

ይህ መልክዓ ምድር ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። በአንድ በኩል የሰው ብዛቱ ከፍተኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰዎች ተቆጥረዋል፤ ይህም በዚያን ጊዜ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው መሆኑ ነው። በሌላ በኩል መሬቱ ከሩቅ ሲታይ ደን ይመስላል፤ ለብዙ እንስሳትም እንደ ደን ያገለግላል። ስለዚህ በጌዴኦ ሰውና እንስሳ በአጥር ተለያይተው የሚኖሩ ሳይሆኑ፣ አንዱን መንገድ በፈረቃ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ቀን የሰው፣ ሌሊት የእንስሳት ነው። የጠዋት ሯጭ የሚወጣው ደግሞ ልክ ፈረቃው በሚቀየርበት ሰዓት ነው።

ለመሆኑ እንስሳት ሯጭን እንዴት ይመለከቱታል?

የዱር እንስሳ ሰውን ባየ ቁጥር አይሸሽም። የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ሃይኒ ሄዲገር በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ እንዳስረዱት፣ እያንዳንዱ እንስሳ ሊመጣበት ከሚችል አደጋ የሚጠብቀው የተወሰነ ርቀት አለው። ይህ «የሽሽት ርቀት» ይባላል። ሰው ከዚህ ርቀት ውጭ እስካለ ድረስ እንስሳው ሥራውን ይቀጥላል፤ ርቀቱ ሲጣስ ይሸሻል። መሸሻ ከሌለው ወይም ሰውየው ሳይታሰብ እጅግ ከቀረበው ግን ሌላ ወሰን ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ እንስሳው መሸሹን ትቶ ወደ ማጥቃት ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ይደንበርግና ዲል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመሩ። እንስሳ የሚሸሸው አደጋውን ባየበት ቅጽበት ሳይሆን፣ ባለበት መቆየት ከመሸሽ የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍለው ሲሆን ነው። መሸሽ ጉልበት ይጨርሳል፤ ምግብን ያስተዋል፤ ግልገልን ያስለያያል። ስለዚህ እንስሳው ሳያቋርጥ ይመዝናል። የሚመጣው ምንድን ነው? ምን ያህል ይፈጥናል? በቀጥታ ወደ እኔ ነው ወይስ በጎን የሚያልፍ?

እዚህ ላይ ሯጭ ከእግረኛ በሦስት ነገሮች ይለያል። አንደኛ ፈጣን ነው፤ እንስሳው የሚመዝንበትን ጊዜ ያሳጥርበታል። ሁለተኛ ጸጥተኛ ነው፤ ሁለት ገበሬዎች እየተጨዋወቱ ሲያልፉ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ግን በእንሰት መካከል ከታጠፈው መንገድ ላይ ድንገት ብቅ ይላል። ሦስተኛ የሚወጣበት ሰዓት የእንስሳት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ «እንስሳው ያለ ምክንያት ተነሣብኝ» የሚባለው ነገር ምክንያቱ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል። እንስሳው የሚመልሰው ለሰውየው ሐሳብ ሳይሆን ለሰውየው እንቅስቃሴ ነውና።

የንጋት ሰዓትና ጅብ

በሀገራችን ብዙ ሯጮች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣሉ። ዲላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀንና የሌሊት ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙም አይለዋወጥም። በስሌት እንደሚታወቀው ፀሐይ በዲላ የምትወጣው በዓመቱ ውስጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ የጎሕ ብርሃንም አጭር ነው፤ መሬትን በዓይን ለመለየት የሚበቃው ብርሃን ከፀሐይ መውጣት በፊት ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በምሥራቅ ያለው ተራራና ከላይ ያለው የዛፍ ጥላ ሲጨመሩበት ንጋቱ ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ በ11 ሰዓት የሚሮጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሮጠው በጨለማ ነው።

ይህ ሰዓት የጅብ ሰዓት ነው። በሀገራችን በብዛት የሚታወቀው ነጠብጣማው ጅብ ሌሊት የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ አደን ማደንም ሆነ ጥንብ መብላት ይችላል። ሰው በሰፈረበት አካባቢ ግን ኑሮው በእጅጉ የሚመሠረተው በሰው ተረፈ ምርትና በቤት እንስሳት ላይ ነው። ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በጅብ እዳሪ ውስጥ የሚገኘውን ፀጉር መርምረው፣ በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ማደጉን አገኙ። ምክንያቱ ሰዎች ሥጋ ባለመብላታቸው የሚጣለው አጥንትና ትርፍራፊ መቀነሱ ነው። ከዚህ ጥናት ለሯጭ የሚጠቅመው ትምህርት ጅብ የሚሄደው የሰው ምግብ ወደሚጣልበት ቦታ መሆኑ ነው። የከተማ ዳር የቆሻሻ መጣያ፣ የእርድ ቦታ፣ የሞተ ከብት የተጣለበት ገደል፣ እነዚህ ሁሉ በጨለማ የማይሮጥባቸው ቦታዎች ናቸው።

ጅብ ጤነኛና ብዙ የሆነን ሰው ማጥቃቱ የተለመደ አይደለም፤ ሆኖም በተለይ በሕፃናትና ውጭ በተኙ ሰዎች ላይ ጉዳት ማድረሱ የታወቀ በመሆኑ ጉዳዩን ማቃለል አይገባም። አብሮ መሮጥ፣ መብራት መያዝና ድምፅ ማሰማት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሮጦ ማምለጥ ይቻላልን?

ይህ ጥያቄ በቁጥር ሊመለስ ይችላል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20.8 ኪሎ ሜትር ነበር። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው ከተማ የ100 ሜትር ክብረ ወሰን ሲሰብር የደረሰበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት ወደ 44.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እርሱም ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ጅብ በአንጻሩ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይችላል። በመሆኑም የዓለም ፈጣኑ ሰው እንኳ ከጅብ ሮጦ አያመልጥም።

የሰው ልጅ ብርታት በሌላ በኩል ነው። ብራምብልና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳቀረቡት፣ የሰው አካል የተሠራው ለአጭር ፍጥነት ሳይሆን ለረጅም ጽናት ነው። ረጅም ጅማት፣ ሚዛን የሚጠብቅ ትልቅ የመቀመጫ ጡንቻና በላብ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ቆዳ አለው። ይህ ጸጋ በቀን ሙቀት በሰዓታት ሩጫ ይጠቅማል፤ በጨለማ ውስጥ በ50 ሜትር ርቀት ከቆመ እንስሳ ፊት ግን አይጠቅምም።

ከዚህ በላይ ደግሞ መሸሽ ራሱ ጉዳት አለው። አዳኝ እንስሳት የሚሸሽን ነገር የማሳደድ ደመ ነፍስ አላቸው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው ለእንስሳው የሚያስተላልፈው መልእክት «እኔ የሚታደን ነኝ» የሚል ነው። ቆሞ ፊቱን ያዞረ፣ ድምፁን ያሰማና ቁመቱን ያሳየ ሰው ግን የሚያስተላልፈው «አይቼሃለሁ፤ እኔን ማጥቃት ዋጋ ያስከፍልሃል» የሚል ነው። ስለዚህ ጅብ ያጋጠመው ሯጭ መቆም፣ ከጓደኞቹ ጋር መጠጋት፣ በጎላ ድምፅ መናገርና ፊቱን ሳያዞር ቀስ እያለ ወደ ኋላ መራቅ ይገባዋል። ለሯጭ ከሁሉ የሚከብደው ትእዛዝ «ቁም» የሚለው ቢሆንም፣ የሚያድነው እርሱ ነው።

ዝንጀሮ፣ ጦጣና ጉሬዛ

ብርሃን ሲሆን ፈረቃው ይለወጣል። ዝንጀሮ በመንጋ የሚኖር፣ በሰብል ላይ ጉዳት ስለሚያደርስም ከገበሬ ጋር የሚጋጭ እንስሳ ነው። ሲባረር የኖረ መንጋ ሰው እየሮጠ ሲመጣበት የሚተረጉመው እንደ መባረር ነው። መንጋው መንገድ እያቋረጠ ከሆነ ቆሞ ማሳለፍ እንጂ መካከሉን ሰንጥቆ ማለፍ አይገባም፤ እናትን ከልጇ የለየ ሰው ከሄዲገር የመጨረሻ ወሰን ውስጥ ገብቷልና። ዓይንን አፍጥጦ ማየትና ጥርስን ማሳየት በዝንጀሮ ዘንድ የጸብ ምልክት ነው፤ በእጅ የተያዘ ሙዝ ወይም ዳቦም መንጠቅን ይጋብዛል።

ጉሬዛ ግን በዛፍ ላይ የሚኖር፣ ቅጠል በል፣ ከሰው ጋር እምብዛም የማይጋጭ ነው። ከጦጣዎች መካከል ደግሞ ለዚህ አካባቢ አንባቢያን ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ዝርያ አለ። ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1902 ለሳይንስ ያስተዋወቀውና ዛሬ የባሌ ጦጣ የሚባለው እንስሳ ሳይንሳዊ ስሙ «ክሎሮሴቡስ ጃምጃምንሲስ» ነው። ስሙ የተወሰደው ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ካለው የጃምጃም ደጋ ነው። ይህ ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኝ ሲሆን፣ በቀርከሃ ላይ እጅግ የተመሠረተ ኑሮ ስላለው ቀርከሃው ሲጠፋ እርሱም ይጎዳል። እንዲህ ያሉትን እንስሳት በሩጫና በጩኸት ማስደንበር ለሯጩ ምንም አይጨምርም፤ እንስሳቱን ግን የሚመገቡበትን ጊዜና ጉልበት ያሳጣቸዋል።

የማይሸሸው እንስሳ

እስካሁን ያየናቸው እንስሳት ርቀታቸውን የሚጠብቁ ናቸው። እፉኝት ግን ስልቷ የተለየ ነው። ከሰው ለመሰወር የምትታመነው በፍጥነቷ ሳይሆን የደረቀ ቅጠል በሚመስለው ቀለሟ ነው። አብዛኞቹ እባቦች የእግር ንዝረት ከመሬት ሲሰማቸው ገለል ሲሉ፣ እፉኝት ባለችበት ጸጥ ትላለች፤ የምትነድፈውም ብዙ ጊዜ ስትረገጥ ነው። በቡና ጥላ ሥር ቅጠል በተነጠፈበት መንገድ በጨለማ መሮጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የእፉኝት መርዝ በተነደፈው ቦታ ላይ ከባድ እብጠትና የሥጋ መበስበስ ያስከትላል። የተነደፈ ሰው መሮጡን ማቆም፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ በሰው ርዳታ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ወይም እግርን በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል እንጂ አይቀንስም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ዱር እንስሳት ይህን ያህል ካወሳን በኋላ፣ ለሯጭ ሕይወት ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው እንስሳ ከጫካ የሚመጣ አለመሆኑን ስንገልጽ ምናልባት ያስገርም ይሆናል። እርሱ ውሻ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመቱ ሰዎችን ይገድላል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች 99 በመቶው የውሻ ንክሻ ነው። ኢትዮጵያም በሽታው ከፍተኛ ጉዳት ከሚያደርስባቸው አገሮች አንዷ ናት።

በጌዴኦ መንገዱ በየአትክልቱ መካከል፣ በየቤቱ ደጅ ስለሚያልፍ ውሻ የማያጋጥመው ሯጭ የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የሚያሳድደው ጠላቱን ብቻ ሳይሆን የሚሮጥን ማንኛውንም ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ሲቃረቡ ሩጫውን ወደ እርምጃ መለወጥና ከሩቅ «ቤቶች!» ብሎ ድምፅ ማሰማት ይጠቅማል፤ ባለቤቱ ሲሰማ ውሻውን ይጠራዋልና። ውሻው ከመጣ ቆሞ በጎን መዞር፣ ዓይኑን አለማፍጠጥ ይበቃል። በሀገራችን ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የማንሣት ምልክት ማሳየት ብዙ ውሾችን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ይህም ውሻው ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ነገር ነው። በበሽታው የተያዘ ውሻ ግን ይህን ሁሉ ሊረሳ ይችላል። ሳይነኩት የሚነክስ፣ የሚንገዳገድ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ ወይም ድምፁ የተለወጠ ውሻ ከታየ ከአካባቢው መራቅና ለነዋሪው መንገር ያስፈልጋል።

የበሽታው ቫይረስ በንክሻ ወደ ሥጋ ከገባ በኋላ በነርቭ ውስጥ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አዝጋሚ በመሆኑ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ከዚህም ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ሞት የማይቀር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክትባት የሚሰጠው ቫይረሱ አንጎል ከመድረሱ በፊት ሰውነት መከላከያ እንዲያዘጋጅ ነው። ይህ ራሱ ሩጫ ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው ሩጫ ቀድሞ የተነሣ ሰው ማሸነፍ መቻሉ ነው።

በመሆኑም የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ አለበት። ቫይረሱ በስብ የተሠራ ሽፋን ስላለው ሳሙና ሽፋኑን ያፈርሰዋል፤ በየትኛውም የገጠር ቤት የሚገኝ ይህ ቀላል ነገር ሕይወት ያድናል። ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ንክሻው ቆዳን በስቶ ካደማ ከክትባቱ በተጨማሪ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒት ያስፈልጋል። ክትባቱ በተወሰኑ ቀናት ተደጋግሞ የሚሰጥ በመሆኑ ሳያቋርጡ መጨረስ ግድ ነው። «ቁስሉ ትንሽ ነው»፣ «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ወይም «መጀመሪያ ባህላዊ መድኃኒት ልሞክር» በማለት የሚባክነው ቀን የማይመለስ ነው። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ ከመግደል ይልቅ አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ይመከራል፤ ክትባቱ ግን የ10 ቀኑን ውጤት ሳይጠብቅ ይጀመራል። በጅብ፣ በቀበሮ ወይም በዝንጀሮ የተነከሰ ሰውም ወዲያውኑ ቁስሉን አጥቦ መመርመር አለበት።

ይህ ጉዳይ የሰው ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በቁጥር ከ500 የማይበልጥ ብርቅዬ እንስሳችን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ገደማ በተነሡ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኞች ክፉኛ ተጎድቷል። በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የሚሻገረው ከመንደር ውሾች ነው። የጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ጎረቤትን፣ ሯጭንና የዱር እንስሳን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ሯጭና እንስሳ ሲገናኙ የሚሆነውን የሚወስነው የእንስሳው ክፋት ሳይሆን፣ ሯጩ በፍጥነቱ፣ በድምፁና በሰዓቱ ለእንስሳው የሚናገረው ነገር ነው። መንገዱ በደንብ እስኪታይ መጠበቅ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሮጥ፣ በመታጠፊያ ላይ መነጋገር፣ በቤት ደጅ መራመድ፣ እንስሳ ሲያጋጥም መቆም፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማያስወጡ ጥንቃቄዎች ናቸው። ከእነርሱ ጋር የአቅራቢያችን ጤና ተቋም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መስጠት አለመስጠቱን ከመነከሳችን በፊት ጠይቀን ብናውቅ፣ ለልምምዳችን የሚያስፈልገው ዝግጅት ተሟላ ማለት ነው።